በፍላሽ የመጣን ጃር ለማቨን ማስተዋወቅ፦ የውጭ ላይብረሪ በኤክሊፕስ ወደ ሎካል ሪፖዚቶሪ አገባብ

ጅማ ውስጥ ለቡና መረከቢያ፣ ለፋርማሲ ወይም ለጅምላ መደብር በጃቫ ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ይዋል ይደር እንጂ አንድ ጃር ፋይል (ተዘጋጅቶ የተጠቀለለ የጃቫ ኮድ) በፍላሽ ይሰጠዋል። የዲጂታል ሚዛኑ ወይም የደረሰኝ ማተሚያው አምራች ከዕቃው ጋር የላከው ነው። ኢንተርኔት ላይ ቢፈልጉት አይገኝም፤ ማቨን ሴንትራል (የጃቫ ላይብረሪዎች የሚወርዱበት የኢንተርኔት ማከማቻ) አያውቀውም። ፕሮጀክቱ በማቨን (ላይብረሪዎችን ሰብስቦ ፕሮግራሙን በሚገነባው መሣሪያ) የሚገነባ ከሆነ ደግሞ ፋይሉን ፕሮጀክቱ ውስጥ ገልብጦ መተው ዋጋ የለውም፤ ማቨን ላይብረሪን የሚፈልገው በስሙና በቁጥሩ፣ የሚፈልገውም ሪፖዚቶሪ (የላይብረሪ ማከማቻ) ውስጥ ነውና።

ብዙዎች የሚጀምሩት በአቋራጩ ነው፦ በኤክሊፕስ (የጃቫ ኮድ በሚጻፍበት ፕሮግራም) ፕሮጀክቱ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ «ቢልድ ፓዝ»፣ «ኮንፊገር ቢልድ ፓዝ»፣ ከዚያ «አድ ኤክስተርናል ጃርስ»። ኤክሊፕስ ቀይ ምልክቱን ያጠፋል፣ ፕሮግራሙም ይነሣል። ማቨን ግን ስለዚህ ነገር ምንም አልሰማም። ፕሮጀክቱን በማቨን ፓኬጅ ማድረግ ስትጀምሩ «ፓኬጅ ደዝ ኖት ኤግዚስት» ብሎ ያቆማችኋል። የጓደኛችሁ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ በኤክሊፕስም አይከፈትም፤ ያ ጃር የተመዘገበው በእናንተ ዲስክ አድራሻ ነውና። ትክክለኛው መንገድ አሥር ደቂቃ ይፈጃል።

አንድ ማስታወሻ፦ የሜኑዎቹን ስም እዚህ የጻፍነው በድምፃቸው ነው። ስክሪኑ ላይ በላቲን ፊደል ታገኟቸዋላችሁ፤ እናንተም ስትጽፉ በላቲን ነው።

መጀመሪያ ፋይሉን ፈትሹ

ጃር ማለት ዚፕ ነው። ቅጂ አውጡለትና የቅጂውን መጨረሻ ወደ ዚፕ ቀይራችሁ ክፈቱት። «ሜታ-ኢንፍ» የሚባል ፎልደር አለው። በውስጡ «ማቨን» የሚል ፎልደር ካያችሁ ላይብረሪው ራሱ በማቨን የተሠራ ነው ማለት ነው፤ እዚያው ያለው «ፖም ዶት ፕሮፐርቲስ» ፋይል የግሩፕ አይዲውን፣ የአርቲፋክት አይዲውንና የቨርዥኑን ቃል በቃል ይነግራችኋል። ያንን ስም ይዛችሁ ማቨን ሴንትራል ላይ ፈልጉ። ካለ በእጅ ማስገባት አያስፈልግም፤ ፖሙ (ፕሮጀክቱ የሚፈልጋቸው ላይብረሪዎች የሚዘረዘሩበት የማቨን ፋይል) ላይ ስሙን ጽፋችሁ ታልፋላችሁ። የቆዩ ማስተማሪያዎች እስካሁን የኦራክልን የዳታቤዝ ድራይቨር በእጅ አስገቡ ይላሉ፤ ኦራክል ግን ከ2019 ጀምሮ ድራይቨሩን ሴንትራል ላይ አስቀምጧል። (እዚህም ሆነ ከታች ዓመቱን የምንጽፈው በፈረንጆቹ ነው።)

«ማቨን» የሚለው ፎልደር ከሌለ እዚያው «ማኒፌስት» የሚባለውን ፋይል በኖትፓድ ክፈቱ። ብዙ ጊዜ «ኢምፕሊሜንቴሽን ቨርዥን» የሚል መስመር አለው። ያ ቁጥር በኋላ ያስፈልጋችኋል።

ሌላው የሚታየው ጃሩ ብቻውን ይቆማል ወይ የሚለው ነው። ከጄዲኬ (የጃቫ መሥሪያ ጥቅል) ጋር የሚመጣው «ጄዴፕስ» የሚባለው መሣሪያ ጃሩ የሚጠራቸውን ፓኬጆች ይዘረዝራል፤ ያላገኛቸውን «ኖት ፋውንድ» ይላቸዋል። የሚዛን ጃሮች አብዛኛውን ጊዜ በሲሪያል ፖርት ስለሚሠሩ ሌላ የፖርት ላይብረሪ ይፈልጋሉ። ይህን አሁን ካልያዛችሁት ፕሮግራሙ ኮምፓይል ሆኖ፣ ተነሥቶ፣ ሚዛኑን ሲያነብ ነው የሚወድቀው። ከጃሩ ጋር በፍላሹ ላይ የዲኤልኤል ፋይል (ከጃቫ ውጭ የተጻፈ የዊንዶውስ ላይብረሪ) ካለም ለብቻው አስቀምጡት፤ ማቨን ጃሩን እንጂ እሱን አያስገባላችሁም።

ስም ማውጣት

ማቨን ለእያንዳንዱ ላይብረሪ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ግሩፕ አይዲ (የማን እንደሆነ)፣ አርቲፋክት አይዲ (ምን እንደሆነ) እና ቨርዥን (ስንተኛው እንደሆነ)። አምራቹ ስም ካልሰጠው እናንተ ትሰጡታላችሁ። እዚህ ላይ ሁለት ደቂቃ ማሰብ በኋላ ብዙ ጣጣ ያድናል።

ግሩፕ አይዲው ሴንትራል ላይ ካለ ስም ጋር እንዳይጋጭ የራሳችሁ የሆነ መነሻ ስጡት። ለምሳሌ «ሎካል.ሚዛን»፤ ትንንሽ ፊደል፣ ነጥብ እንጂ ክፍት ቦታ የሌለበት። አርቲፋክት አይዲው «ሚዛን-ሪደር» ይሁን። ቨርዥኑ ከማኒፌስቱ ያገኛችሁት ቁጥር ነው፤ «2.3.1» እንበል። ቁጥር ከሌለው ፋይሉን የተቀበላችሁበትን ቀን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጻፉ። «1.0» ብሎ በዘፈቀደ መሰየም ሦስተኛው ጃር ሲመጣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ያጠፋባችኋል።

ቨርዥኑን በ«ስናፕሾት» አትጨርሱት። ማቨን ስናፕሾት የተባለን ነገር የሚለዋወጥ አድርጎ ስለሚያየው፣ ካልከለከላችሁት በቀን አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ላይ አዲስ አለ ወይ እያለ ይፈልጋል። ኔትወርኩ ሲያዘግም ቢልዱ ያለ ምክንያት የሚጎተተው አንዳንዴ በዚህ ነው።

ማስገባት

1. የጃሩን ፋይል ስም አጽዱ። ክፍት ቦታ፣ ቅንፍ፣ የአማርኛ ፊደል አይኑርበት። «ኮፒ ኦፍ» ብሎ የሚጀምር ስም ከፍላሽ ጋር አብሮ ይመጣል፤ አንሡት። ፋይሉን ከፍላሹ ወደ ዲስክ ገልብጡና ከዲስኩ ሥሩ።

2. ኤክሊፕስ ውስጥ «ፋይል»፣ «ኢምፖርት» በሉ። ከዝርዝሩ «ማቨን»ን ክፈቱና «ኢንስቶል ኦር ዲፕሎይ አን አርቲፋክት ቱ ኤ ማቨን ሪፖዚቶሪ» የሚለውን መርጣችሁ «ኔክስት»። «ማቨን» የሚል ነገር ዝርዝሩ ላይ ከሌለ ኤክሊፕሳችሁ ማቨንን የሚያውቀው ፕለጊን የለውም፤ ለጃቫ የተዘጋጀውን የኤክሊፕስ ጥቅል ብታወርዱ አብሮት ይመጣል።

3. «አርቲፋክት ፋይል» ፊት ያለውን «ብራውዝ» ተጭናችሁ ጃሩን ምረጡ። «ፖም ፋይል» የሚለውን ባዶ ተዉት፤ ከጃሩ ውስጥ ፖም አውጥታችሁ ከሆነ ግን እሱን ስጡት፤ የጥገኞቹን (ጃሩ የሚፈልጋቸውን ሌሎች ላይብረሪዎች) ዝርዝር ይዞ ስለሚገባ ከባዶው ይሻላል። ግሩፕ አይዲ፣ አርቲፋክት አይዲና ቨርዥን ላይ ያወጣችሁትን ስም ጻፉ። ኤክሊፕስ ከፋይሉ ስም ገምቶ አንዳንዱን ሊሞላው ይችላል፤ ግምቱን ሳታዩ አትለፉ። «ፓኬጂንግ» «ጃር» ይሁን፤ «ክላሲፋየር» ባዶ ይቅር።

4. ሁለቱን ሳጥኖች ምልክት አድርጉባቸው፦ «ጀነሬት ፖም» እና «ክሪዬት ቼክሰም»። ፖም የሌለው ጃር በማቨን ዓይን አባቱ የማይታወቅ ነው፤ ባየው ቁጥር ፖሙን ኢንተርኔት ላይ ይፈልጋል፣ ያስጠነቅቃል። ቼክሰሙ (ፋይሉ ሳይጎዳ መድረሱ የሚረጋገጥበት ቁጥር) ደግሞ ለሁለተኛው ኮምፒውተር ያስፈልገናል። «ፊኒሽ»።

5. ሳታረጋግጡ ወደ ኮድ አትመለሱ። ፋይል ማናጀር ከፍታችሁ በተጠቃሚ ስማችሁ ፎልደር ውስጥ «.ኤም2»፣ በውስጡ «ሪፖዚቶሪ» ግቡ። ሊኑክስ ላይ በነጥብ የሚጀምር ፎልደር ስለሚደበቅ «ኮንትሮል ኤች» ተጫኑ። የግሩፕ አይዲው ነጥቦች ፎልደር ሆነዋል፦ «ሎካል»፣ በውስጡ «ሚዛን»፣ ከዚያ «ሚዛን-ሪደር»፣ ከዚያ «2.3.1»። እዚያ ውስጥ ስሙ ተቀይሮ «ሚዛን-ሪደር-2.3.1» የተባለ ጃር፣ ጎኑ ላይም ፖሙ አለ። መጠኑ ከዋናው ፋይል ጋር እኩል መሆኑን ተመልከቱ።

6. አሁን ፕሮጀክቱ ይወቀው። የፕሮጀክቱን ፖም ክፈቱ፣ ከታች «ዲፔንደንሲስ» የሚለውን ታብ ምረጡና «አድ» በሉ። ሦስቱን ስሞች እንዳስገባችኋቸው ጻፉ፤ «ስኮፕ» «ኮምፓይል» ይሁን። ሴቭ አድርጉ።

7. ፕሮጀክቱ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ «ማቨን»፣ «አፕዴት ፕሮጀክት»፤ አቋራጩ «ኦልት ኤፍ5» ነው። «ማቨን ዲፔንደንሲስ» ከሚለው ሥር ጃሩ ሲታይ ግማሹ አልቋል።

8. ግማሹ ያልነው ፍርዱን የሚሰጠው ኤክሊፕስ ስላልሆነ ነው። ቀኝ ክሊክ፣ «ራን አዝ»፣ «ማቨን ቢልድ» ባለ ሦስት ነጥቡን ምረጡና «ጎልስ» ላይ «ክሊን ፓኬጅ» ብላችሁ አስኬዱ። «ቢልድ ሰክሰስ» ካለ ሆነ። በአቋራጩ መንገድ «ቢልድ ፓዝ» ላይ የጨመራችሁት የድሮ ጃር ካለ ከዚህ በፊት አስወግዱት፤ ሁለቱ አብረው ከቆዩ ኤክሊፕስ የትኛውን እንደሚጠቀም አታውቁም።

ሲበላሽ

ቢልዱ «ኩድ ኖት ፋይንድ አርቲፋክት» ካለ ከአሥር ዘጠኙ ጊዜ የፊደል ስህተት ነው ብላችሁ ጀምሩ። በግሩፕ አይዲው ውስጥ ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያል። የአማርኛ ኪቦርዱ ሳይጠፋ ነጥብ ተጭናችሁ አራት ነጥብ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ስሙን ከወርድ ወይም ከፒዲኤፍ ገልብጣችሁ ከሆነ አጭሩ ሰረዝ በረጅሙ ተተክቷል፤ በዓይን አይለይም፣ ለማቨን ግን ሌላ ፊደል ነው። ጥርጣሬ ካለ አጥፍታችሁ በእጅ ጻፉት።

ስሙ ትክክል ሆኖ ካላገኘው ሁለት ሪፖዚቶሪ እንዳይኖራችሁ ፈትሹ። «ዊንዶው»፣ «ፕሪፈረንስስ»፣ «ማቨን»፣ «ዩዘር ሴቲንግስ» ላይ ኤክሊፕስ የሚጠቀምበት የሎካል ሪፖዚቶሪ አድራሻ ተጽፏል። ማቨንን ለብቻው ጭናችሁ የሪፖዚቶሪውን ቦታ በራሱ «ኮንፍ» ፎልደር ውስጥ ባለው ሴቲንግስ ፋይል ከቀየራችሁ፣ ኤክሊፕስ ያንን ፋይል አያነብም። በአንዱ አስገብታችሁ በሌላው ትፈልጋላችሁ። የቦታ ለውጥን «.ኤም2» ውስጥ ባለው ሴቲንግስ ብትጽፉት ሁለቱም ያዩታል። የዊንዶውስ ተጠቃሚ ስማችሁ በአማርኛ ፊደል ከሆነም ሪፖዚቶሪውን ወደ ዲ ድራይቭ ማዛወር ይመከራል፤ አንዳንድ መሣሪያዎች በመንገዱ ላይ ያሉትን የግዕዝ ፊደላት ወደ ጥያቄ ምልክት ይቀይሯቸዋል።

ጅማ ላይ በብዛት የሚያስቸግረው ግን በማውረድ መሃል መብራት ወይም ኔትወርክ መቋረጡ ነው። ማቨን አንድ ላይብረሪ ማውረድ ሲያቅተው ያቃተውን ነገር «ላስት አፕዴትድ» በሚል ፋይል ይመዘግባል፤ ኔትወርኩ ቢመለስም እስከ ሚቀጥለው ቀን ድጋሚ አይሞክርም። ሰው ግን ኢንተርኔቱ እየሠራ ለምን አያወርድም ብሎ ራውተሩን ሲያጠፋ ሲያበራ ይውላል። መፍትሔው «አፕዴት ፕሮጀክት» መስኮት ላይ «ፎርስ አፕዴት ኦፍ ስናፕሾትስ ስላሽ ሪሊዝስ» የሚለውን ምልክት አድርጎ ማስኬድ ነው። «ኤረር ኢን ኦፕኒንግ ዚፕ ፋይል» ወይም «ኢንቫሊድ ሎክ ሄደር» ካለ ደግሞ ፋይሉ ተጎድቷል፤ የዚያን ላይብረሪ የቨርዥን ፎልደር ብቻ ከሪፖዚቶሪው ሰርዛችሁ እንደገና ይውረድ። ሙሉውን «.ኤም2» መሰረዝ የሚል ምክር ትሰማላችሁ፤ ይሠራል፣ ግን በእጅ ያስገባችኋቸውን ጃሮች ጭምር ያጠፋል፣ የቀረውንም ሁሉ በዚህ ኔትወርክ እንደገና ማውረድ ነው።

የሰርተፊኬት ስህተት ከመጣ፣ «ፒኬአይኤክስ» የሚል ቃል ያለበት ወይም ሰርተፊኬቱ ገና ጊዜው አልደረሰም የሚል፣ መጀመሪያ የኮምፒውተሩን ቀን እዩ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ባትሪ ያለቀባቸው የላብ ኮምፒውተሮች በተነሡ ቁጥር ወደ ኋላ ዓመታት ይመለሳሉ። ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያስተካከለ ሰውም አይጠፋም፤ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የቀረ ኮምፒውተር የዛሬን ሰርተፊኬት ገና አልተወለደም ይለዋል። የኢንተርኔት አድራሻው ኤስ በሌለው ኤችቲቲፒ የተጻፈ የቆየ ፖም ከሆነም አይሠራም፦ ማቨን ሴንትራል ከ2020 ጥር ጀምሮ ኤችቲቲፒኤስ ብቻ ነው የሚቀበለው።

ፕሮግራሙ ሲነሣ የሚመጡት ስህተቶች ሌላ ቤተሰብ ናቸው። «ኖ ክላስ ዴፍ ፋውንድ» ማለት ጃሩ የሚፈልገው ሌላ ጃር የለም፤ «ጀነሬት ፖም» የሠራላችሁ ፖም ጥገኞችን ስለማያውቅ በፕሮጀክታችሁ ፖም ላይ እናንተ ጨምሯቸው። «አንሳፖርትድ ክላስ ቨርዥን» ጃሩ ከእናንተ በላይ በሆነ ጃቫ መሠራቱን ይናገራል፤ ቁጥሩን አንብቡ፦ 52 ጃቫ 8 ነው፣ 55 ጃቫ 11፣ 61 ጃቫ 17፣ 65 ጃቫ 21። «አንሳቲስፋይድ ሊንክ» ደግሞ ያ ለብቻው ያስቀመጣችሁት ዲኤልኤል ነው፤ ወይ ቦታው አልታወቀም፣ ወይ ባለ 32 ቢት ዲኤልኤል ባለ 64 ቢት ጃቫ ላይ ልትጭኑ ነው።

አምራቹ የታረመ ጃር ከላከ በዚያው ቁጥር ላይ አትደርቡት። የእናንተ ኮምፒውተር አዲሱን ይይዛል፣ የሌሎቹ አሮጌውን ይዘው ይቀራሉ፤ ሁለታችሁም 2.3.1 ነው እያላችሁ ትከራከራላችሁ። «2.3.1-2» ብላችሁ አስገቡና ፖሙ ላይ ቁጥሩን ቀይሩ።

ሁለተኛው ኮምፒውተር

ሎካል ሪፖዚቶሪ ስሙ እንደሚለው የአንድ ኮምፒውተር ነው። ፕሮጀክቱን ለጓደኛ ስትሰጡ ጃሩ አብሮ አይሄድም። እሱም ስምንቱን ደረጃ ይድገም ማለት ለአንድ ሰው ይቻላል፤ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ አምስት ሆነው የመመረቂያ ፕሮጀክት ለሚሠሩ ግን አይሆንም።

ለጥቂት ሰው የሚበቃው ዘዴ ሪፖዚቶሪውን ፕሮጀክቱ ውስጥ ማኖር ነው። በፕሮጀክቱ ፎልደር «ሪፖ» የሚል ፎልደር ፍጠሩ። ከ«.ኤም2» ሪፖዚቶሪ «ሎካል» የሚለውን ፎልደር ከነ ሙሉ ቅርንጫፉ ወደዚያ ገልብጡ፤ ጃሩን ብቻ ከወሰዳችሁ አይሠራም፣ የፎልደሩ ቅርጽ ራሱ አድራሻ ነው። በግርጌው የምታገኟቸውን «_ሪሞት ዶት ሪፖዚቶሪስ» እና «ማቨን-ሜታዳታ-ሎካል» የሚባሉ ፋይሎች ከቅጂው ሰርዙ። ከዚያ በፕሮጀክቱ ፖም ላይ አዲስ ሪፖዚቶሪ ጨምሩ፦ አይዲው የፈለጋችሁት ስም፣ አድራሻው «ፋይል» ብሎ ሁለት ነጥብና ሁለት ስላሽ፣ ቀጥሎ የዶላር ምልክትና በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ «ፕሮጀክት.ቤዝዲር»፣ ከዚያ ስላሽ «ሪፖ»። የጓደኛችሁ ማቨን ጃሩን ከዚያ ወስዶ ራሱ ሎካል ሪፖዚቶሪ ውስጥ ያስገባል። ቼክሰም ያሠራናችሁ ለዚህ ነው፤ ከሌለ በየጊዜው ያስጠነቅቃል።

በጊት (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያና መጋሪያ መሣሪያ) የምትሠሩ ከሆነ «ጊትኢግኖር» ፋይሉን ክፈቱ። ለጃቫ ተዘጋጅቶ የሚመጣው ጊትኢግኖር ማንኛውንም ጃር ወደ ጎን እንዲተው ተጽፎበታል። ፖሙ ይላካል፣ ጃሩ በዝምታ ይቀራል፣ ወቀሳው ማቨን ላይ ይወርዳል። ለ«ሪፖ» ፎልደር በቃለ አጋኖ የሚጀምር የማስፈቀጃ መስመር ጨምሩበት።

«ሲስተም» ስኮፕ የሚባል ሌላ መንገድ አለ፤ የጃሩን የዲስክ አድራሻ ፖሙ ላይ መጻፍ ነው። አንመክረውም። ማቨን ራሱ ጊዜው ያለፈበት ብሎታል፣ የድር ፕሮግራም ሆኖ በዋር (የድር ፕሮግራም ጥቅል ፋይል) ሲጠቀለልም ጃሩ ውስጡ አይገባም።

ለሙሉ ላብ ከሆነ አንድ ኮምፒውተር ላይ ኔክሰስ ሪፖዚቶሪ (ላይብረሪ አከማችቶ ለሌሎች የሚያድል ሰርቨር) ጭናችሁ ሌሎቹ በውስጥ ኔትወርክ ከእሱ ይውሰዱ፤ በተለምዶ በፖርት 8081 ነው የሚሠራው። አድራሻውን በእያንዳንዱ ኮምፒውተር «.ኤም2» ሴቲንግስ ውስጥ የሴንትራል ሚረር (በሴንትራል ፈንታ የሚጠየቅ ማከማቻ) አድርጋችሁ ጻፉት። በፖም ውስጥ ተራ ሪፖዚቶሪ አድርጋችሁ በኤችቲቲፒ ከጻፋችሁት ከ3.8.1 ወዲህ ያለው ማቨን ይዘጋዋል።

ኢንተርኔት ወደሌለበት መውሰድ

ፕሮግራሙ የሚተከለው ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ከሆነ እና እዚያው ማረም ካለባችሁ፣ ሙሉውን ሪፖዚቶሪ ይዛችሁ ሂዱ። «ዲፔንደንሲ» ሁለት ነጥብ «ጎ-ኦፍላይን» የሚለው ጎል ሁሉን ያወርዳል ይባላል፤ የቴስት ማስኬጃውን አንዳንድ ክፍል ግን ይዘልላል። ኔትወርክ ባለበት ከነ ቴስቱ «ክሊን ቨሪፋይ» አንድ ጊዜ አስኬዱ፤ የሚጎድል ካለ ያን ጊዜ ይወርዳል። ከዚያ «ፕሪፈረንስስ»፣ «ማቨን» ላይ «ኦፍላይን» ምልክት አድርጋችሁ ደግማችሁ አስኬዱት። ቢሮ ተቀምጣችሁ ካልተሳካ ጣቢያው ላይም አይሳካም።

የሪፖዚቶሪ ፎልደር ብዙ ሺህ ጥቃቅን ፋይል ነው፤ እንዳለ ወደ ፍላሽ ከገለበጣችሁት ለረጅም ሰዓት ይቀመጣል። መጀመሪያ ዚፕ አድርጉት። ፍላሹ በፋት32 የተፎርማተ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የበለጠ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ዚፑን ከፋፍሉት። የሌላ ሰው ሪፖዚቶሪ ስትቀበሉ ደግሞ ማቨን እያንዳንዱ ጃር ከየትኛው ሪፖዚቶሪ እንደወረደ በ«_ሪሞት ዶት ሪፖዚቶሪስ» ይመዘግባል። ሰውየው በሚረር አውርዶ ከሆነ የእናንተ ማቨን ያንን ስም ስለማያውቀው ጃሩ ፊቱ ተቀምጦ የለም ይላል። እነዚያን ፋይሎች ፈልጋችሁ ሰርዟቸው፤ ጃሮቹን አትንኩ።

በሌላ ኤዲተር

ኢንተሊጄይ ላይ «ፕሮጀክት ስትራክቸር» ውስጥ ጃር መጨመር ከኤክሊፕሱ አቋራጭ ጋር አንድ ነው፤ ማቨኑ ሪሎድ ሲደረግ ይጠፋል። «ኮንትሮል»ን ሁለት ጊዜ ተጭናችሁ በሚመጣው መስኮት የማቨንን «ኢንስቶል-ፋይል» ጎል ከፋይሉ አድራሻ፣ ከሦስቱ ስሞችና ከፓኬጂንጉ ጋር ጻፉ። ቪኤስ ኮድም ተርሚናሉ ላይ ያው ነው፤ «ሪፈረንስድ ላይብረሪስ» የሚለው ዝርዝሩ የሚሠራው ማቨን ለሌላቸው ፕሮጀክቶች ብቻ ነው። በግሬድል (በማቨን ፈንታ የሚያገለግል ሌላ የግንባታ መሣሪያ) የምትሠሩ ከሆነ ጃሩን ከላይ እንዳልነው ወደ «.ኤም2» ካስገባችሁ በኋላ በግንባታ ፋይሉ የሪፖዚቶሪ ክፍል «ማቨንሎካል»ን ጨምሩ፤ ካልጨመራችሁት ግሬድል ወደ «.ኤም2» ዘወር ብሎም አያይም።